አንቱ፣ አንተ፣ «ዩ»



የምኖረው በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ቤቴል ነው። ማታ ከሥራ ስወጣ ጦር ኃይሎች ላይ ታክሲ ተሰልፌ ረዳቱ «ቤቴል! ቤቴል!» እያለ ሲጣራ እሰማለሁ። ስሙ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 28 ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ ተኝቶ፣ መሰላሉን በሕልሙ አይቶ ሲነቃ፣ ቀድሞ ሎዛ ትባል የነበረችውን ስፍራ ቤቴል ብሎ ሰየማት፤ በዕብራይስጥ «የእግዚአብሔር ቤት» ማለት ነው። የአማርኛ ጆሮ ግን ተንኮለኛ ነው። ረዳቱ ቃሉን ሲጎትተው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ቀድመው ይደርሱኛል፤ «ቤቴ…»። እኔም ኪራይ በየወሩ የምከፍልበትን የሰው ቤት ያለ አንዳች ኀፍረት «ቤቴ» እላለሁ። ከቃሉ ጫፍ የተለጠፈች አንዲት ድምፅ የሌላውን ንብረት የእኔ ታደርገዋለች። ባለቤትነት በአማርኛ እንዲህ ቀላል ነው።

በእንግሊዝኛ ግን ነገሩ እንዲህ አይቀልም፤ የዛሬው ጽሑፌም ስለዚሁ ነው።

ባለፈው ሰሞን በምሠራበት ባንክ አንድ ነገር ሆነ። በእኛ ሙያ ለደንበኛ የምንናገረው በአማርኛ ቢሆንም የምንጽፈው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ የውስጥ ማስታወሻው፣ የብድር ሰነዱ፣ ከውጭ ባንኮች ጋር የምንላላከው ደብዳቤ ሁሉ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ዓመት ያልሞላት አንዲት ባልደረባችን ያዘጋጀችው ማስታወሻ በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ተነበበ። የተነበበው ለቁም ነገሩ አልነበረም፤ «ኢትስ» በምትለው ቃል ላይ፣ በማይገባት ቦታ፣ አፖስትሮፍ የተባለችውን ከላይ የምትንጠለጠል ምልክት ስላስቀመጠች ነበር። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ልጅቱ አንገቷን ደፋች፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ጽሑፍ ሲታዘዝ «እናንተ ጻፉት፣ እኔ ቁጥሩን ልሥራ» ትላለች።

ያ ሳቄ ቤቴል እስክደርስ ጉሮሮዬ ላይ ቆየ። ምክንያቱም ያችን ስሕተት በሚገባ አውቃታለሁ፤ ያወቅኋትም በአባቴ ቀይ እስክሪብቶ ነው።

አባቴ በጎጃም ገጠር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። በቤታችን እናቴ «አንቺ» ናት፤ አባቴ ግን «እርስዎ» ነበሩ። «አባዬ ይቀመጡ፣ አባዬ ይብሉ» እያልን አደግን። ዩኒቨርሲቲ ስገባ «በየሳምንቱ አንድ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፍልኝ» አሉኝ። ስልክ በየሰው እጅ የገባበት ዘመን ነበር፤ እርሳቸው ግን ስልክ ሰዋስው አያስተምርም ባይ ነበሩ። እኔ ደብዳቤውን ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው እሰጣለሁ፤ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ደብዳቤ በሌላ መንገደኛ እጅ ተመልሶ ይደርሰኛል፣ ዳር ዳሩ ቀይ በቀይ ሆኖ። መልስ የሚባል ነገር የለውም፤ እርማት ብቻ። ከግርጌው ግን ነጥብ ይሰጡኛል፤ ከአሥር ስድስት፣ ከአሥር ሰባት።

በብዛት የሚከበብብኝ ተውላጠ ስም ነበር። በአንዱ ደብዳቤ ጀርባ ደንቡን በአማርኛ ጽፈው ልከውልኛል፤ እስከ ዛሬ አለኝ። አፖስትሮፍ ያላት «ኢትስ» «ኢት ኢዝ» የሚሉት ሁለት ቃላት ተጨፍልቀው የወጡ ናት፤ ምልክቷም የወደቀችውን ፊደል ቦታ ትጠብቃለች። አፖስትሮፍ የሌላት «ኢትስ» ግን አገናዛቢ ናት፣ «የእርሱ» ማለት። «ዩር» ሲሆን «ያንተ»፣ ምልክቷ ከገባችበት «ዩ አር»፤ «ዜር» ሲሆን «የእነርሱ»፣ ምልክቷ ከገባችበት «ዜይ አር»፤ «ሁዝ» ሲሆን «የማን»፣ ምልክቷ ከገባችበት «ሁ ኢዝ»። ስም ባለቤትነቱን በአፖስትሮፍ ያሳያል፤ እነዚህ አገናዛቢ ተውላጠ ስሞች ግን ምንም ምልክት አይሸከሙም። ከታች በቀይ የተጻፈው ምክር «ተጠራጥረህ እንደሆነ አፍታተህ አንብበው» ይላል። ሲፍታታ ትርጉም ከሰጠ ምልክቷን አድርግ፤ ካልሰጠ ተዋት። ይህን ደንብ ከዚህ አሳጥሮ ያስተማረኝ ሰው የለም።

ልብ በሉ፤ ሁለቱን «ኢትስ» በእኛ ፊደል ስጽፋቸው አንድ ሆኑ። በጆሮም አንድ ናቸው። ልዩነታቸው በዓይን ብቻ የሚኖር ስለሆነ፣ እንግሊዝኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ሰው ሳይቀር ይሳሳታል። ይህን ሳስብ «ለመሆኑ ይህ ደንብ ከመቼ ወዲህ ነው?» የሚል ጥያቄ መጣብኝና ጥቂት ምሽቶች በንባብ አለፉ።

ያገኘሁት ነገር ፈገግ ያሰኛል። በጥንቱ እንግሊዝኛ ለግዑዝ ነገር የሚነገረው አገናዛቢ «ሂዝ» ነበር፤ ዛሬ ለወንድ ብቻ የምንለው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 በንጉሥ ጄምስ ዘመን በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ የማቴዎስ ወንጌል ጨው ጣዕሙን ስለማጣቱ ሲናገር ጣዕሙ የ«ሂዝ» ነው። «ኢትስ» የምትባለው ቃል በዚያ እትም ጨርሶ የለችም። በኦሪት ዘሌዋውያን 25፥5 ዛሬ የምትነበበው በኋላ በመጡ አታሚዎች የገባች ናት። ቃሏ ወደ ጽሑፍ የመጣችው በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሲሆን፣ ስትመጣም በአብዛኛው አፖስትሮፏን ተሸክማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1623 በታተመው የሼክስፒር ተውኔቶች የመጀመሪያ ትልቅ እትም በጥቂት ቦታዎች ብቻ ትገኛለች፤ እነዚያም በአብዛኛው ባለ አፖስትሮፍ ናቸው። በ18ኛው መቶ ዓመትም የተማሩ ሰዎች እንዲሁ ይጽፉ ነበር። ቶማስ ጄፈርሰን ለ«የእርሱ» አፖስትሮፍ የማድረግ ልማድ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1787 ፊላደልፊያ ላይ የተፈረመው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ አንድ፣ ክፍል 10፣ ስለ ክፍላተ ግዛቱ የዕቃ ፍተሻ ሕጎች በሚናገርበት ቦታ፣ ያችኑ የባልደረባዬን «ኢትስ» ከነምልክቷ ይዟታል።

እንግዲህ የሳቅንባት ልጅ የጻፈችውን ጆርጅ ዋሽንግተን ፈርሞበታል ማለት ነው!

አፖስትሮፏ ራሷም እንግዳ ናት። ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረችው በ16ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሥራዋ የወደቀች ፊደልን ቦታ ማመልከት ብቻ ነበር። የባለቤትነት ምልክት ሆና የጸናችው ከዚያ በጣም ዘግይታ ነው። በመካከሉ እንግሊዞች በስም መጨረሻ የምትሰማውን «ስ» የ«ሂዝ» ቅሪት አድርገው በመገመት «የንጉሡ መጽሐፍ» ለማለት «ንጉሡ፣ የእርሱ መጽሐፍ» ብለው ይጽፉ ነበር። የሰዋስው ሊቃውንት ይህን እንደ ስሕተት ቆጥረውታል። ግእዝ ለቆጠረ ሰው ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም። «መጽሐፈ ንጉሥ» ማለት እንደሚቻል ሁሉ «መጽሐፉ ለንጉሥ» ማለትም የተለመደ ነው፤ «የእርሱ» የምትለዋ ቅጥያ ቀድማ መጥታ ባለቤቱን ታስጠራዋለች።

እኛም ብንሆን ቃል እንጨፈልቃለን። «የእኔ» በአንደበታችን «የኔ»፣ «ከአንተ» «ካንተ»፣ «የእርሱ» «የሱ» ነው። ግጥም የሚሞክር ሰው ደግሞ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ ቤቱ አንዲት ቀለም ሲተርፈው «ከአንቺ» የሚለው «ካ'ንቺ» ሆኖ ይገባል፣ ያችው የእንግሊዞች ምልክት መሐሉ ላይ ተሰክታ። እኔም በደብተሬ ስንቱን ስንኝ በእርሷ አትርፌያለሁ! ልዩነቱ፣ የእኛን «የኔ» እና «የእኔ» ያቀያየረ ሰው በስብሰባ ላይ አይሳቅበትም።

ነገር ግን ውድ አንባቢ፣ በእንግሊዝኛ ተውላጠ ስም ታሪክ ውስጥ አፖስትሮፍ ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ነገር «ዩ» ነው።

እንግሊዝኛ በአንድ ወቅት እንደ እኛው «አንተ» እና «እናንተ» ነበረው። «ዛው» ለአንድ ሰው፣ «ዪ» እና «ዩ» ለብዙዎች። ከ13ኛው መቶ ዓመት ወዲህ በፈረንሳይኛ ልማድ ተስበው ለአንድ ትልቅ ሰው የብዙ ቁጥሩን «ዩ» መስጠት ጀመሩ። ጌታ ሎሌውን «ዛው» ይለዋል፤ ሎሌው ጌታውን «ዩ» ይላል። እኩዮች ሲዋደዱም «ዛው» ይባባላሉ፤ ሲናናቁም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1603 ሰር ዋልተር ራሌይ በክህደት ተከሶ ዊንቸስተር ላይ ሲቀርብ ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኮክ ሆን ብሎ በ«ዛው» አዋረደው፤ ያ ባለ ማዕረግ ሰው በአደባባይ «አንተ!» ተባለ። ይህ ምን ያህል እንደሚያም ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። «አንተ ብሎ ተናገረኝ» ብሎ ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው በአገራችን ሞልቷል።

ከዚያ ኩዌከሮች መጡ። በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በጆርጅ ፎክስ ስብከት የተነሡት እነዚህ ክርስቲያኖች «በእግዚአብሔር ፊት ሰው ሁሉ እኩል ነው፤ ለአንድ ሰው የብዙ ቁጥር መስጠት ውሸትም ውዳሴ ከንቱም ነው» አሉ። ለዳኛውም ለመኳንንቱም ባርኔጣ አናወልቅም፣ ሁሉንም «ዛው» እንላለን ብለው ቆረጡ። በዚህም ተደበደቡ፤ ታሠሩ። ከእነርሱ መካከል ቶማስ ኤልውድ የሚባል ወጣት ነበረ። ይህ ሰው ኋላ ዓይኑ ለጠፋው ባለቅኔ ለጆን ሚልተን መጽሐፍ እያነበበ የተወዳጀ፣ የፎክስንም የሕይወት ማስታወሻ ለኅትመት ያዘጋጀ ነው። ኤልውድ እ.ኤ.አ. በ1714 በታተመው የራሱ የሕይወት ታሪክ አባቱን «ዛው» በማለቱ ምን እንደደረሰበት ይተርካል። አባቱ በቡጢ ይመቱት ነበር። ልጁ አልተመለሰም።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ጥቂት ቆየሁ። «አባዬ፣ አንተ» ብል ኖሮ የሚለው ሐሳብ በአእምሮዬ አለፈ።

ፎክስ በስብከት ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1660 ከጆን ስታብስና ከቤንጃሚን ፈርሊ ጋር ሆኖ ለመምህራንና ለሊቃውንት ነጠላና ብዙ ቁጥርን «የሚያስተምር» መጽሐፍ አሳተመ። ስሙ «ባትልዶር» ይባላል፤ ያን ጊዜ ሕፃናት ፊደል የሚቆጥሩበት እጀታ ያለው ሰሌዳ መጠሪያ ነው፣ የእኛን የፊደል ገበታ እንደማለት። ገጾቹም በዚያው ሰሌዳ ቅርጽ የተከበቡ ናቸው። ለሊቃውንቱ የሕፃን ገበታ መስጠት ስድብ መሆኑ ግልጽ ነው። ዋናው ነገር ግን ምስክሮቹ ናቸው። ፎክስ «ሌሎች ሕዝቦች ለአንድ ሰው ነጠላ፣ ለብዙ ሰው ብዙ ይላሉ» ለማለት የልዩ ልዩ ቋንቋዎችን ተውላጠ ስም ይደረድራል፤ ላቲን፣ ግሪክ፣ ዕብራይስጥ፣ ሱርስት፣ ዐረብኛ፣ ፋርስኛ፣ … በዝርዝሩም መካከል «ኢትዮፒክ»፣ ማለትም የእኛው ግእዝ አለ።

ምስክርነቱን የሚያህል ዕውቀት ያን ጊዜ በአውሮፓ ነበረ። መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ሮም ላይ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ነው፤ ሐዲስ ኪዳንንም አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 አሳትመዋል። ለንደን ውስጥም እ.ኤ.አ. ከ1654 እስከ 1657 የወጣው ባለ ብዙ ቋንቋው መጽሐፍ ቅዱስ የግእዝ ክፍል ነበረው። ሂዮብ ሉዶልፍ፣ ከአምሐራ ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረውን ይዞ፣ የግእዝ ሰዋስውን እ.ኤ.አ. በ1661 በዚያችው ለንደን አሳተመ። እንግዲህ እንግሊዞች በ«ዩ» እና በ«ዛው» ሲካሰሱ፣ በችሎቱ ከቀረቡት ምስክሮች አንዱ «አንተ፣ አንቲ፣ አንትሙ፣ አንትን» የሚለው የቆሎ ተማሪ ቃል ነበር።

ግእዝ ለኩዌከሮች እውነት መስክሯል። በግእዝ «አንተ» ለአንድ፣ «አንትሙ» ለብዙዎች ነው፤ ንጉሥም ቢሆን አምላክም ቢሆን አንዱ «አንተ» ነው። ፎክስ አማርኛን ቢጠይቅ ኖሮ ግን ምስክሩ ይከዳው ነበር። ምክንያቱም አማርኛ ያደረገው እንግሊዞች ያደረጉትን ነው። የግእዙ የብዙ ቁጥር «አንትሙ» ተቆርጦ «አንቱ» ሆነና ለአንድ ትልቅ ሰው የአክብሮት መጠሪያ ሆነ፤ በጎጃምና በጎንደር ገጠር ዛሬም ይሰማል። «እርስዎ» ደግሞ ከ«ርእስ» የመጣ ነው፤ «ራስዎ» እንደማለት፣ ሰውየውን ፊት ለፊት ላለመጥራት በራሱ በኩል መዞር። «እርሱ» እና «እርሷ»ም ከዚያው ከ«ርእሱ» እና «ርእሳ» የወረዱ ናቸው። ከዚህ ልማድ ደግሞ እንዴት ያለ ውብ አነጋገር ወጣ! በሙያው የከበረን ሰው «አንቱ የተባለ» እንለዋለን። የሰው ክብር በአንድ ተውላጠ ስም ይለካል። መተሳሰብንም እንዲሁ «አንተ ትብስ፣ አንቺ ትብሽ» እንላለን፤ ይህን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው «ዩ… ዩ…» ብሎ መንተባተቡ ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ «ጓድ» በማዕረግ ስሞች ቦታ ሲገባ እንኳ «እርስዎ» ከአንደበታችን አልወጣም።

የእንግሊዞች ፍጻሜ ግን ተቃራኒ ሆነ። ኩዌከሮች ሁሉንም «ዛው» በማለት እኩል ሊያደርጉ ፈለጉ፤ ሕዝቡ ሁሉንም «ዩ» በማለት እኩል አደረጋቸው። እ.ኤ.አ. 1700 ገደማ «ዛው» ከተለመደው የከተማ ንግግር ወጥቶ በጸሎት፣ በግጥምና በጥቂት የገጠር አነጋገሮች ተወሰነ። ዛሬ ለማኝና ንግሥት በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት «ዩ» ናቸው።

ወደ እኛ የመጣው ይህ «ዩ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የበላይነት የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ፈረንሳይኛንና እንግሊዝኛን ያስተምር ነበር። ፈረንሳይኛ እንደ እኛ «አንተ» እና «እርስዎ»ን ይለያል። በ1933 ዓ.ም. ከነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋ ሲሆን፣ በ1935 የኮተቤው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1938 የጄኔራል ዊንጌት፣ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈቱ፣ አክብሮት የሌለው ሳይሆን አክብሮትን በተውላጠ ስም የማይለካ ቋንቋ ተማርን። በባንክ መስኮት በየቀኑ የማየው ይህንኑ ነው። የእንግሊዝኛው ደብዳቤ ለባለ ሚሊዮኑም ለሊስትሮውም «ዩ» ይላል፤ ያው ደብዳቤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ሁሉም «እርስዎ» ይሆናል። መስኮቱ ላይ ሲቀርቡ ግን አንዱ «ጌታዬ፣ ይቀመጡ» ሲባል ሌላው «አንተ፣ ተሰለፍ» ሲባል ሰምቻለሁ። ከሁለቱ ቋንቋዎች የትኛው ይበልጥ ያከብራል? መልሱ ለሚቀርበው ሰው ይለያያል።

ተውላጠ ስም ምን ያህል እንደሚሸከም ለማየት የሼክስፒርን «ሐምሌት» ሦስተኛ ገቢር ማንበብ ይበቃል፤ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱት ያ ተውኔት። ልጅ ወደ እናቱ ክፍል ይገባል። እናት ስለ አዲሱ ባሏ ስትወቅሰው በ«ዛው» ትጀምራለች፤ እናት ለልጇ የምትለው «አንተ» ነው። ልጁ የእርሷኑ ዐረፍተ ነገር መልሶ በ«ዩ» ይወረውርላታል፤ ስለ ሟች አባቱ ነው የሚናገረው። ወዲያው እናትም «ዩ» ትለዋለች። ቢላዋ ሳይመዘዝ በሦስት ዐረፍተ ነገር መካከል እናትና ልጅ ተቆራረጡ። የዛሬ እንግሊዛዊ ተመልካች ይህን ለመስማት የግርጌ ማስታወሻ ያሻዋል። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን፣ ትላንት «አንቺ» ይላት የነበረ ልጅ ዛሬ እናቱን «እርስዎ» ሲላት፣ ምንም ማስታወሻ አያስፈልገውም። ደሙ ይቀዘቅዛል።

አሁን ወደ አባቴ ልመለስ።

ከአራት ዓመት በፊት አረፉ። ለቀብር ስንደርስ የአባቴ ታናሽ እኅት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ወንድሟን «ጋሼ፣ እርስዎ» ብላ የኖረች ሴት፣ ከአስከሬኑ ፊት ቆማ «አንተ! አንተ ወንድሜ!» ብላ ጮኸች። ማንም አልደነገጠም፤ ማንም አላረማትም። ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ እግዚአብሔርን በጸሎት «አንተ» እንላለን፤ እንግሊዞችም «ዛው»ን ከአንደበታቸው ከጣሉ በኋላ ለአምላካቸው አቆይተውለታል። ሙታንንም በለቅሶ «አንተ» እንላለን። «እርስዎ» ርቀት ለሚለካባቸው ነው። መለኪያው ሲሰበር፣ ከሁሉ የሚልቀውና የማይመለሰው ሁለቱም «አንተ» ይሆናሉ።

ከቀብር በኋላ የደብዳቤዎቹን ክምር ከሣጥን አውጥቼ አነበብሁ። ያልታረመ ገጽ የለም። የአፖስትሮፍ ስሕተት፣ የግሥ ስሕተት፣ የተዘለለ ነጥብ፣ … ሁሉም ተከቧል። አንድ ነገር ግን በአንዱም ገጽ ላይ አልተከበበም። ለሦስት ዓመት፣ በየሳምንቱ፣ አባቴን «ዩ» ብያቸዋለሁ። «ናፈቅኸኝ» ብያለሁ፤ «ታመሃል አሉኝ፣ እውነት ነው?» ብያለሁ፤ «ገንዘብ ስላነሰኝ ሳይሆን ስለራብኸኝ ነው የምጽፈው» ብያለሁ። በአማርኛ ፊታቸው ቆሜ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ለማለት አፌ አይከፈትም ነበር፤ በ«እርስዎ» በኩል ዞሮ የሚደርስ ናፍቆት መንገድ ላይ ይበርዳል። በዚያ ባዕድ ቋንቋ ግን፣ እንግሊዞች ሦስት መቶ ዓመት ተከራክረው ባለሰለሱት ተውላጠ ስም፣ አባትና ልጅ እኩል ተቀምጠን አውግተናል። ቶማስ ኤልውድ በቡጢ የከፈለበትን እኔ በነፃ አገኘሁት። ምናልባት አባቴ በየሳምንቱ ደብዳቤ የጠየቁኝ ለሰዋስው ብቻ አልነበረም። ይህን ልጠይቃቸው አልችልም።

በማግስቱ ወደ ሥራ ስመለስ ልል የሚገባኝን አልልም ነበር፤ ከዚያ ስብሰባ በኋላ ግን አልሁት። ባልደረባዬን ሻይ ጋብዤ የፊላደልፊያውን ሕገ መንግሥት ነገር ነገርኋት፤ ስለ ሳቄም ይቅርታ ጠየቅሁ። «ታዲያ ደንቡ ሐሰት ነው?» አለችኝ። አይደለም። ደንቡ ዛሬ ደንብ ነው፤ ደብዳቤሽ የባንኩ ፊት ነውና ጠብቂው አልኋት። የአባቴንም ምክር ሰጠኋት፤ ተጠራጥረሽ እንደሆነ አፍታተሽ አንብቢው። ሐሰቱ ደንቡ ሳይሆን ኀፍረቱ ነው። ሁለት መቶ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው የአጻጻፍ ልማድ የሰውን አንገት ሊያስደፋ አይገባም። በማግስቱ አንድ ማስታወሻ ጽፋ አመጣችልኝ። አንድ ቦታ ብቻ ከበብሁ፤ ቀይ እስክሪብቶ አልነበረኝም፣ በእርሳስ ነው የከበብሁት።

ለአባቴ አንድ ግጥም ጀምሬያለሁ። በእንግሊዝኛ ተጀምሮ ነበር፤ በ«ዩ» ቀለለኝ። ወደ አማርኛ ልመልሰው ስል መጀመሪያው ቃል ላይ ለወራት ቆምሁ። «እርስዎ» ብል ቤቱን አይመታም፤ «አንተ» ብል እጄ አይታዘዝም። ትላንት ማታ፣ በዚህ በማልኖርበት ዕለት የሌላ በሚሆነው «ቤቴ» ቁጭ ብዬ፣ የአክስቴን ድምፅ አስታውሼ ጻፍሁት።

አባዬ፣ አንተ።

ከአሥር ስንት ትሰጠኛለህ?